ኢ 7018 ኤሌክትሮድ በክረምት፦ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ እንዴት እናቆየው?

የጣና ፎርማን (ባሕር ዳር)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ በፎርማንነት እሠራለሁ። አሁን በእጃችን ያለው ሥራ የአንድ መጋዘን ምሰሶዎችና የክሬን መሄጃ አግዳሚዎች ሲሆን፣ የምሰሶዎቹ የግርጌ ላሜራ 30 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤ 36 የተባለ ተራ የመዋቅር ብረት ነው። ውሉ ሥራው በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ዲ 1.1 ኮድ መሠረት እንዲከናወን የሚያዝዝ በመሆኑ ኢ 7018 ኤሌክትሮድ (ሽፋን ያለው የብየዳ ዘንግ)፣ ባለ 3.2 እና ባለ 4 ሚሊሜትር፣ እንጠቀማለን።

አማካሪው መሐንዲስ ባለፈው ሳምንት ግምጃ ቤታችንን ሲጎበኝ የተከፈቱ ካርቶኖች በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠው በማየቱ፣ የኤሌክትሮድ አያያዛችንን በጽሑፍ እስክናቀርብ ድረስ የወፍራም ላሜራዎቹ ብየዳ እንዲቆም አዝዟል። በውሳኔው አልተከፋሁም፤ ሆኖም በወርክሾፑ ውስጥ የሚነገረው ነገር የተለያየ ስለሆነ የሚያውቁ ሰዎችን ሐሳብ መስማት ፈለግሁ። አንጋፋ በያጆቻችን ሁለት ዘንግ እርስ በርስ አጋጭተው ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከሰጠ ደረቅ ነው ይላሉ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከአሮጌ ፍሪጅ የተሠራና በውስጡ ሁለት አምፖል የሚበራ ሳጥን አለን። እሱ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ዘርግቶ ማሞቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ኦቨን መግዛት ምን ያህል ይጠቅማል? ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጥራት ተቆጣጣሪ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጊዜው የመጣ ነው፤ ክረምት ሲገባ በየዓመቱ ተመሳሳይ ክርክር በየወርክሾፑ ይነሣል። በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ ልግለጽ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሠራተኛ ደንቡን ለማክበር አይቸገርም።

የ7018 ሽፋን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔትና ፍሎራይት የተባሉ ማዕድናት፣ የብረት ዱቄትም ተጨምሮበት፣ በሶዲየም ወይም በፖታሲየም ሲሊኬት ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ፋብሪካው ይህንን ሽፋን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚያደርቀው ከማሸጊያው ሲወጣ በውስጡ ያለው እርጥበት እጅግ ጥቂት ነው። በመስፈርቱ መሠረት የተለመደው ኢ 7018 ሽፋን በክብደት ከ0.6 በመቶ በላይ እርጥበት ሊኖረው አይገባም። ችግሩ ሲሊኬቱና ማዕድናቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት መሳባቸው ነው። ያ እርጥበት አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ውስጥ ሲገባ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፋፈላል። ሃይድሮጅኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟና ብረቱ ሲቀዘቅዝ በብየዳው አጠገብ ወዳለው፣ በሙቀት ወደ ጠነከረው ክፍል ይሰርጋል። እዚያም ስንጥቅ ያስከትላል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ በመሆኑ በያጁ ሥራውን አስረክቦ፣ ስላጉን (ብየዳውን የሚሸፍነውን ቅርፊት) አራግፎ፣ ቆንጆ ብየዳ ነው ተብሎ ከተመሰገነ በኋላ ይፈጠራል።

ስለዚህ በድምፅ የሚደረገውን ፈተና በሚመለከት መልሴ አጭር ነው። ክፉኛ የረጠበ ዘንግ አጋጭተህ የታፈነ ድምፅ ልትሰማ ትችላለህ፣ ሲበየድም አርኩ ይንጣጣል፣ መነሻው ላይ ቀዳዳ ይታያል። ነገር ግን በ0.4 እና በ1 በመቶ እርጥበት መካከል ያለውን ልዩነት በጆሮ የሚለይ ሰው የለም፤ ስንጥቅ የሚያመጣውም ያ ልዩነት ነው። ብየዳው ላይ ቀዳዳ አለመታየቱ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በኮዱ መሠረት ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነው። ኤሌክትሮዱ አየር በማያስገባ ማሸጊያ ታሽጎ መገዛት፣ አለዚያም ከሥራ በፊት በኦቨን መድረቅ አለበት። ማሸጊያው እንደተከፈተ ወይ ወዲያው በሥራ ላይ ይውላል ወይ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ የማቆያ ኦቨን ውስጥ ይገባል። ከኦቨን ወይም ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ተራው ኢ 7018 በአየር ላይ መቆየት የሚችለው ለ4 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ጊዜ ሳያልፍ የተመለሰ ዘንግ በ120 ዲግሪ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ከቆየ በኋላ እንደገና ሊታደል ይችላል። ከ4 ሰዓት በላይ የቆየው ግን ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢያንስ ለ2 ሰዓት መድረቅ ይኖርበታል፤ ይህም የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውሃ የነካው ኤሌክትሮድ በጭራሽ ሥራ ላይ አይውልም።

የመርካቶ በያጅ

ለጥራት ተቆጣጣሪው ማብራሪያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ይሁንና ከተግባር የተነሣ አንድ ተቃውሞ አለኝ። እኔ በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ፤ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ የውሃ ታንከር፣ የሕንፃ በርና ደረጃ በ7018 ስሠራ ኦቨን የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም። ኤሌክትሮዱን ከሱቅ በኪሎ፣ አንዳንዴም በፍሬ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ገዝተን ነው የምንሠራው። ተሰነጠቀ ብሎ የመለሰብኝ ደንበኛ የለም። ኮዱ የተጻፈው ሁሉ ነገር ለተሟላላቸው አገሮች ይመስለኛል። ፎርማኑም ሥራው ቆሞበት የሚጎዳው በወረቀት ምክንያት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የቴክኒክና ሙያ መምህር

ጋሼ፣ የተናገሩት እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከእውነቱ የሚወጣው መደምደሚያ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሃይድሮጅን ስንጥቅ እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው፤ በቂ ሃይድሮጅን፣ የጠነከረና ተሰባሪ የሆነ የብረት ውስጣዊ መዋቅር፣ እንዲሁም ብየዳውን ወደ ሁለት የሚጎትት ውጥረት። እነዚህ ተሟልተው ብረቱ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ከሚገመተው ሙቀት በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። እርስዎ በር፣ ደረጃና የታንከር ላሜራ ሲበይዱ ብረቱ ቀጭን ነው፣ ካርቦኑም ዝቅተኛ ነው። ቀጭን ብረት ሙቀቱን የሚያሸሽበት ስፋት ስለሌለው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ አይጠነክርም፣ ሃይድሮጅኑም ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። በዚያ ላይ በሩ ሲጎተት ይታጠፋል እንጂ ብየዳውን አያስጨንቅም። ከሦስቱ ሁለቱ ስለሌሉ ሦስተኛው ምንም አላደረገም። የመኪና ሻንሲ ግን ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ከፍ ያለ ብረት ስለሆነ እሱን ከበርና ከደረጃ ጋር አንድ ላይ ባይመድቡት እመርጣለሁ።

የፎርማኑ የግርጌ ላሜራ ደግሞ 30 ሚሊሜትር ነው። ወፍራም ብረት በየአቅጣጫው ሙቀት ስለሚስብ ብየዳው በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከምሰሶው ጋር ሲጋጠምም ወዴትም ሊሄድ ስለማይችል ውጥረቱን የሚሸከመው ብየዳው ራሱ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነጥብ አለ። በዲ 1.1 ሰንጠረዥ ውፍረቱ ከ20 እስከ 38 ሚሊሜትር ለሆነ ኤ 36 ብረት፣ ኤሌክትሮዱ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ካልሆነ ብረቱ ከብየዳው በፊት ቢያንስ ወደ 65 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ኤሌክትሮዱ እንደ 7018 ያለ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ከሆነ ግን 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ይህ ማለት በባሕር ዳር የአየር ጠባይ ያለ ቅድመ ማሞቂያ መበየድ ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ ወርክሾፑ ላሜራውን በጋዝ ሳያሞቅ የሚበይደው በኤሌክትሮዱ ደረቅነት ተማምኖ ነው። በመደርደሪያ ላይ የሰነበተ 7018 ስሙ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ነው፣ ባሕርይው ግን ተለውጧል፤ የ65 ዲግሪውን ማሞቂያ ያስቀረንበት ምክንያትም አብሮ ይቀራል። አማካሪው ያቆመው የግርጌ ላሜራዎቹን ብየዳ ብቻ መሆኑ ነገሩን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ያሳያል።

የያርድ ሰው (አቡ ዳቢ)

ከባሕረ ሰላጤው ሰላምታ ይድረሳችሁ። እዚህ የምሠራው ለነዳጅ ማውጫ የሚሆኑ የብረት መዋቅሮች በሚሠሩበት ያርድ ውስጥ፣ በኤሌክትሮድ ማደያ ክፍል ነው። ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ በክረምት ዝናብ ስለሚበዛ እርጥበቱ እዚያ የከፋ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ሽፋኑ የሚስበው በአየሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ነውና የሙቀቱ መጠን ወሳኝ ነው። በ15 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 10 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። በ35 ዲግሪና በተመሳሳይ 80 በመቶ ግን ወደ 32 ግራም ይጠጋል። የእኛ የነሐሴ ሌሊት ይህ ነው፤ የጅቡቲ ወደብም ከዚህ ብዙ አይለይም። ወደ አገር ቤት የሚገባው ኤሌክትሮድ ደግሞ በአብዛኛው በዚያው ወደብ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር ክረምት ይልቅ ካርቶኑ በኮንቴይነር ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ሊጎዳው እንደሚችል አስቡ። ኮንቴይነሩ ቀን ሲግል ሌሊት ሲቀዘቅዝ በጣሪያው ላይ የሚቋጠረው ውሃ ወደ ካርቶኖቹ ይንጠባጠባል። ስለዚህ እቃው ሲደርስ ካርቶኑ ላይ የደረቀ የውሃ ምልክት፣ ያበጠ ወይም የተለጣጠፈ ጠርዝ ካለ ያንን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በእኛ ያርድ ኦቨኑ ትልቁ ነገር አይደለም፤ ዋናው አሰጣጡ ነው። በያጁ ከማደያው መስኮት ዘንግ ሲወስድ ስሙ፣ ብዛቱ፣ የካርቶኑ ባች (የምርት ዙር) ቁጥርና ሰዓቱ ይጻፋል። በተንቀሳቃሽ ትንሽ ኦቨን ይዞ ይሄዳል፣ ሶኬቱንም በሥራ ቦታው ይሰካዋል። ክዳኑን ክፍት ትቶ የሚሠራ በያጅ ከተገኘ ዘንጎቹ በሙሉ እንደተጋለጡ ተቆጥረው ይመለሳሉ። ለግማሽ ቀን ከሚጨርሰው በላይ አይሰጠውም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ባለ 3.2 ሚሊሜትር ዘንግ ነድዶ የሚያልቀው ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው፣ በያጅ ደግሞ ከሥራ ጊዜው አርኩ የሚበራው ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው፤ የቀረው ለማጽዳት፣ ለመግጠም፣ ለመፍጨት ይውላል። በ4 ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ያህል ዘንግ ቢጨርስ ነው፤ ያ ደግሞ ሁለት ኪሎ አይሞላም። አምስት ኪሎውን ሙሉ ካርቶን ለአንድ ሰው ማስረከብ ግማሹን ለአየር መስጠት ነው።

አንድ ያየሁትን ላክል። ከማቆያ ኦቨኖቹ አንዱን ከፍተን ስንመለከት ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከዘንጎቹ አጠገብ፣ በፎይል የተሸፈነ ሩዝና ወጥ በአንድ ሳህን ተቀምጦ ይሞቅ ነበር፤ የበሩ ውስጠኛ ገጽ በእንፋሎት ወዝቷል። ያ ኦቨን ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደገና እንዲደርቅ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ለምሳ የሚሆን ማሞቂያ በሠራተኞች ማረፊያ ተተክሏል፤ በእኔ አስተያየት ከማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ሁሉ የበለጠ የሠራው እሱ ነው።

የጣና ፎርማን (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ስለ ቅድመ ማሞቂያው የተጻፈው ለእኔ አዲስ ነው። ከላይ ያነሣኋቸው የፍሪጁ ሳጥን፣ የምጣዱና የመብራቱ ጉዳይ ግን ገና ምላሽ አላገኙም። የወርክሾፑ ባለቤት ኦቨን ለመግዛት ፈቃደኛ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ብቻ ነው የሚገዙት። የማቆያ ይሁን ወይስ የማድረቂያ?

ጥራት ተቆጣጣሪ (አዲስ አበባ)

በፍሪጁ ልጀምር። የአምፖሉ ሳጥን ከንቱ አይደለም፤ 20 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ላልተከፈቱ ካርቶኖችና እንደ ኢ 6013 ላሉ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ያልሆኑ ኤሌክትሮዶች ጥሩ መጋዘን ነው። ለተከፈተ 7018 ግን እርጥበት የመሳቡን ፍጥነት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ኮዱ ከሚጠይቀው 120 ዲግሪ አይደርስም፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ የቆየ ዘንግ የ4 ሰዓቱ ቆጠራ አልቆመለትም። ሙቀቱን ለመጨመር ብሎ ማሞቂያ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ካለ አስቁመው፤ የፍሪጁ ውስጠኛ ፕላስቲክና ፎም ያን ሙቀት አይችልም፣ እሳት ይነሣል።

ምጣዱን አልመክርም። የሚሞቀው ከታች ብቻ ስለሆነ ሸክላውን የነካው ወገን ሲግል የላይኛው ወገን ለአየር የተጋለጠ ነው፤ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ የሚለካበትም መንገድ የለም። ሽፋኑ በአንድ ወገን ከልክ በላይ ሲሞቅ ይሰነጠቃል፣ ሲበየድም እየተቆረሰ ይወድቃል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ልማድም አለ፤ በያጁ ዘንጉን ላሜራው ላይ አጣብቆ በከረንት ያግለዋል። ይህ ሽፋኑን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያፈነዳ ስለሆነ ከሁሉም የከፋ ነው። የቤት ኦቨን ደግሞ አብዛኛው 250 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ለማድረቂያነት ዝቅተኛውን 260 እንኳ አይሞላም።

አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ የማቆያውን ይግዙ፤ ምክንያቱም በደንብ የተያዘ ኤሌክትሮድ ማድረቂያ አይፈልግም። ማድረቂያ የሚያስፈልገው አያያዙ ሲበላሽ ነው፤ ከሚደረቀው ክምር ይልቅ የሚጣለው ጥቂት ዘንግ በዋጋ ያንሳል። እስከ 350 ዲግሪ የሚሠራ ኦቨን ከተገኘ ግን ሁለቱንም ሥራ፣ በተለያየ ጊዜ፣ ሊሠራ ይችላል። በጊዜው መለየቱ ግዴታ ነው፤ በሚደርቀው ክምር አጠገብ የማቆያውን ክምር ማስቀመጥ አይቻልም።

በማድረቅ ጊዜ ዘንጎቹ ከካርቶናቸው ወጥተው በስሱ፣ ከሦስት ከአራት ረድፍ ባልበለጠ፣ ይዘረጋሉ። ኮዱ በመጀመሪያ ከመጨረሻው ሙቀት ግማሽ በማይበልጥ ሙቀት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ያዝዛል፤ ይህ የሚደረገው እርጥበቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣና ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ ነው። የ2 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ኦቨኑ የታሰበው ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ ማብሪያው ከተነካበት ጊዜ አይደለም። የኦቨኑን አየር ማስወጫ ክፈት፤ ካልተከፈተ የወጣው ተን እዚያው ይዞራል። የበሩ ላይ መለኪያ የሚያሳየውንም አትመን፤ ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ያለው መለኪያ ተዋስና በላይኛውና በታችኛው መደርደሪያ ለካ፤ በርካሽ ኦቨኖች ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈት። የተዘጋ ኦቨን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ መብራቱ ሙቀቱ ከ120 ሳይወርድ ከተመለሰ ምንም የሚደረግ ነገር የለም። ከወረደ ደግሞ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ የ4 ሰዓቱን ቆጠራ አስጀምር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተመለሰ እንደ ተመላሽ ዘንግ በ120 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቆየው፤ ካልተመለሰ ወደ ማድረቂያ ይገባል ወይም ለወፍራሙ ሥራ አይውልም። ይህ ከኮዱ ቃል በቃል የተወሰደ ሳይሆን ጥንቃቄን የመረጠ አሠራር ነው፤ አማካሪው ይቃወመዋል ብዬ አልገምትም።

ሸገር ወርክሾፕ

አንድ ነገር ለማረም ያህል ልግባ። እኛ የምንገዛው ኤሌክትሮድ ካርቶኑ ላይ ከ7018 ቀጥሎ ኤች 4 አር የሚል ጽሑፍ አለው፤ የአየር ላይ ቆይታውም 9 ሰዓት እንደሆነ ሻጩ ነግሮናል። ስለዚህ የ4 ሰዓቱ ገደብ ለሁሉም አይሠራም። በተጨማሪም አምራቹ የረጠበ ዘንግ በዝቅተኛ ሙቀት ቀድሞ ከደረቀ በኋላ እንደገና በከፍተኛ ሙቀት ደርቆ ሊሠራበት እንደሚችል በመመሪያው ጽፏል። ታዲያ ጥራት ተቆጣጣሪው ውሃ የነካው ይጣላል ያሉት ከምን ተነሥተው ነው?

የቴክኒክና ሙያ መምህር

ሻጩ ትክክል ነው፤ ግን ምልክቶቹን ለያይቶ ማንበብ ይገባል። ኤች 4 የሚለው በ100 ግራም የብየዳ ብረት ውስጥ የሚገኘው ተንቀሳቃሽ ሃይድሮጅን ከ4 ሚሊሊትር እንደማይበልጥ ያመለክታል፤ ኤች 8 እና ኤች 16 የሚባሉም አሉ። ይህ ቁጥር በአግባቡ ለተያዘ ኤሌክትሮድ የተሰጠ ነው እንጂ አየር ላይ ስለ መቆየቱ አይናገርም። ስለ መቆየቱ የሚናገረው አር ነው፤ ሽፋኑ በ27 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት ለ9 ሰዓት ተጋልጦ እርጥበቱ ከ0.4 በመቶ እንዳላለፈ ተፈትኗል ማለት ነው። አር የሌለበት ኤች 4 የ9 ሰዓት መብት የለውም። ካርቶኑ ላይ አር እንዳለ በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ የሻጭ ቃል አይበቃም። የአቡ ዳቢው ወንድማችን የጠቀሱት 35 ዲግሪ ደግሞ ፈተናው ከተደረገበት ሁኔታ የከፋ ስለሆነ እዚያ 9 ሰዓትን ባያምኑበት ይሻላል።

ጥንካሬው ከፍ ሲል ገደቡ በተቃራኒው ይጠብባል። ተራው ኢ 80 መደብ 2 ሰዓት፣ ኢ 90 አንድ ሰዓት፣ ኢ 100 እና ኢ 110 ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው። ለጠንካራ ብረት የሚውሉ ስለሆኑ ጥቂት ሃይድሮጅን እንኳ ያሰጋል።

የረጠበውን በሚመለከት አንዳንድ አምራቾች እንዳሉት ይፈቅዳሉ፣ ዲ 1.1 ግን ይከለክላል። ውሉ ዲ 1.1 ነው ካለ ጥብቁ ያሸንፋል፤ የአምራቹ መመሪያ የሚያገለግለው ኮድ በማይጠይቀው ሥራ ላይ ነው። ኮዱ በሚፈቅደው ሰፊ ክልል ውስጥ የትኛውን የማድረቂያ ሙቀት እንደምትመርጡ ለመወሰን ግን የአምራቹን ወረቀት ተከተሉ፤ ብዙዎቹ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይላሉ።

በዚህ አጋጣሚ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ የሚሳሳቱበትን ልጨምር። ሁሉም ኤሌክትሮድ ኦቨን አይወድም። ኢ 6010 እና ኢ 6011 ሽፋናቸው ሴሉሎስ ስለሆነ ለአርካቸው ኃይል የሚሰጠው በውስጣቸው ያለው ጥቂት በመቶ እርጥበት ነው፤ 120 ዲግሪ ውስጥ ቢገቡ ይበላሻሉ። ከ7018 ጋር በአንድ ኦቨን ማስቀመጥ ሁለቱንም ይጎዳል፣ አንዱ የሚለቀውን ሌላው ይስባልና።

የመርካቶ በያጅ

መምህር፣ ማብራሪያዎን በጥሞና አነበብሁ፤ የበሩና የግርጌ ላሜራው ልዩነት ገብቶኛል። ከገበያው በኩል የማውቀውን እኔም ላካፍል። ፎርማኑ ለዚህ ሥራ በፍሬ የሚሸጥ ኤሌክትሮድ እንዳይገዛ፤ መቼ እንደተከፈተ ሻጩ ራሱ አያውቅም። ካርቶን በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣው አየር አያስገባም ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም፤ ላስቲኩ በመጫን በማውረድ በቀላሉ ይቀደዳል። አየር የማያስገባው በቆርቆሮ ጣሳ የታሸገው፣ እንዲሁም በፎይል ውስጥ አየሩ ተመጥጦ የታሸገው ነው። የፎይሉን በእጅ ጨምቆ ማወቅ ይቻላል፤ ደህናው ዘንጎቹ ላይ ጥብቅ ብሎ የተለጠፈ ነው፣ ከላላና አየር ከገባው ግን እንደ ተከፈተ ይቆጠራል። ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን አንዱ እሽግ ሁለት ኪሎ ገደማ የሆነውን ካገኘ ለአንድ በያጅ ለግማሽ ቀን የሚበቃ ስለሆነ ኦቨኑ እስኪመጣ ድረስ ሥራውን ሊያስጀምርለት ይችላል። መርካቶ ውስጥ ሁሉም ሱቅ አይዘውም፤ ለትልልቅ ፕሮጀክት የሚያቀርቡትን አስመጪዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጣና ፎርማን (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ ይህ ምክር የሳምንት ሥራ አተረፈልኝ፤ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ላለው ገዢያችን እደውላለሁ።

ለአማካሪው የማቀርበውን ረቂቅ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ፤ ጉድለቱን ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ። ለወፍራም ላሜራ የሚውለው ኢ 7018 አየሩ በተመጠጠ ፎይል የታሸገ ብቻ ይሆናል፤ ኦቨኑ ሲገዛም እንኳ ኤሌክትሮዱን የምንገዛበት መንገድ አይለወጥም። እሽጉን የሚከፍተው የግምጃ ቤት ሠራተኛው ነው፤ የተከፈተበትን ሰዓትና የባቹን ቁጥር መዝገብ ላይና በእሽጉ ላይ ይጽፋል። በያጁ የወሰደውን ዘንግ ክዳን ባለው መያዣ ያኖራል፤ በኪሱ፣ በመሬት ላይ ወይም በላሜራው ላይ አያስቀምጥም፣ የሚይዘውም በደረቅና ዘይት በሌለው ጓንት ነው። ለምሳ ሲወጣ የቀረውን ይመልሳል። ከ4 ሰዓት በታች የቆየው በኦቨኑ በ120 ዲግሪ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የቆየው በራቁት ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ለበርና ለአጥር ሥራ ይተላለፋል። ማድረቂያ ስለሌለን እንደገና ማድረቅ የሚባል ነገር በሥርዓታችን ውስጥ አይኖርም። ኦቨኑ ውስጥ ከ7018 በቀር ሌላ ኤሌክትሮድም ሆነ ምግብ አይገባም፤ ሙቀቱ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይመዘገባል።

ጥራት ተቆጣጣሪ (አዲስ አበባ)

ረቂቁ ጥሩ ነው፤ ማድረቂያውን ጨርሶ መተውህ ብልህነት ነው፣ ለአማካሪውም ለመቆጣጠር ይቀላል። ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር።

ቀይ ቀለሙ ከተራው ሥራ ወደ ወፍራሙ ሥራ ተመልሶ እንዳይገባ፣ ምልክት የተደረገባቸው ዘንጎች በሌላ ክፍል እንዲቀመጡ ጻፍ። አንድ መደርደሪያ ላይ ከሆኑ ማታ ላይ ሰው ሲቸኩል ቀለሙን አያይም።

ሁለተኛው፣ ሃይድሮጅን ከኤሌክትሮዱ ብቻ አይመጣም። ዝገት፣ ቀለም፣ ዘይትና በተለይ በሐይቁ አካባቢ ጠዋት ላሜራው ላይ የሚያድረው ጤዛ ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው። የሚበየደው ጠርዝ በግሪንደር ጸድቶ፣ እርጥበት ካለውም በጋዝ ነበልባል ደርቆ እንዲበየድ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባ። ነበልባሉ መጀመሪያ ሲነካው ብረቱ ላይ የሚታየው ላብ እስኪጠፋ ድረስ ማሞቁ ይቀጥል።

ሦስተኛው የፍተሻው ጊዜ ነው። ኮዱ ቢያንስ 48 ሰዓት ጠብቆ መፈተሽን የሚያዝዘው እንደ ኤ 514 ላሉ በጣም ጠንካራ ብረቶች ነው፤ ለኤ 36 ብየዳው እንደቀዘቀዘ መፈተሽ ይፈቀዳል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ግን የመጀመሪያዎቹን የግርጌ ላሜራዎች ለሁለት ቀን አቆይቼ በአልትራሳውንድ አስፈትሻቸው ነበር። በዚያ መካከል አግዳሚዎቹን መቁረጥና መግጠም ስለምትችል ሥራው አይቆምም። አማካሪው የመጀመሪያዎቹን ውጤት ካየ በኋላ የቀሩትን በዚያው ቀን መፈተሽ እንደሚቻል በጽሑፍ ጠይቀው።

የጣና ፎርማን (ባሕር ዳር)

ሦስቱንም አስገብቻለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ አሁን ግምጃ ቤት ውስጥ ያሉት የተከፈቱ ካርቶኖች፣ መቼ እንደተከፈቱ መዝገብ የሌላቸው፣ ምን ይደረጉ?

ጥራት ተቆጣጣሪ (አዲስ አበባ)

ሁሉንም ቀይ ቀባቸው። አማካሪው በድጋሚ ከመምጣቱ በፊት ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይነሱ።